አምባሰልን ለመማር ከአምባሰል መሄድ

የመስከረም 21 ንግሥ አልቆ ከግሸን መውረድ፣ ለእኔ ከመውጣቱ ይከብደኛል። ሲወጣ ጉጉት ይገፋል፤ ሲወረድ ያለው ጉልበት ብቻ ነው። በዚያ ቀን ግን ቁልቁለቱን ልብም አላልኩት። የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ እየተከተለች አንድ ነገር በጆሮዬ ስትጨምርብኝ ነው የወረድነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። አልፋለች። ይሄ በራሱ ትልቅ ወሬ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በእኛ ሰፈር ያለፈ ልጅ ማለት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። እሷ ግን «አያ፣ እኔ ሙዚቃና ቲያትር ነው የምማረው» አለችኝ።

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ። መድረክ ላይ ሲዘፈንም ሲተወንም እኮ ሰውየው አንድ ነው።»

አንድ ላይ የሚያስተምር ክፍል እንደሌለ ነገርኳት። አሜሪካ ውስጥ አለ፤ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን የሙዚቃዊ ቲያትር ትምህርት ከጀመረ ወዲህ እዚያ ብዙ ኮሌጆች ዲግሪ ይሰጡበታል። ከታወቁት አንዱ የሆነው ካርኔጊ ሜለን ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃው ያሬድ ትምህርት ቤት ነው፣ ቲያትሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል አለው። ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ ግን የምትገቢው በአንዱ በር ነው።

ውጫሌ ቤታቸው ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር። እናቷ ቡና እየቆላች አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም። «አምባሰል ተቀምጣ አምባሰልን ልትማር አዲስ አበባ ትሂድ?» አለች። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባች። የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት፣ የምግብ፤ ያለው ደግሞ አንድ ወይፈን። አጎቴ ዝም ብሏል። ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ብትማርና ዘፈኑን በትርፍ ሰዓቷ ብትዘፍን፣ ወይም ደሴ ካሉት የባህል ቡድኖች ወደ አንዱ ብትጠጋ የሚሉ ሐሳቦች መጡ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ታሪክ አስተማሪ ነኝና የማውቅ ይመስላቸዋል። የማውቀው ያለፈውን ነው። ቢሆንም ያለፈውን ፈትሼ እንድመለስ ቀን ሰጡኝ፤ ይህ ጽሑፍ ያኔ የፈተሽኩት ነው።

የእናቷ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የአገራችን ሙዚቀኞች ዋና ዋና የሚሏቸው ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ፋ ትልቅ ዝላይ ይመጣል። እዚህ ላደገ ሰው ነገሩ አገሩን ራሱን ይመስላል፤ የአምባው ጫፍ ላይ ቀስ ብለህ ትጠጋለህ፣ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው። ይህንን ያጎቴ ልጅ ማንም ሳያስተምራት ትዘፍነዋለች። ዶና ሬ መባሉን ግን አታውቅም። እንግዲህ ለስሙ ነው ወይፈን የሚሸጠው?

ለስም ሲባል ረጅም መንገድ መሄድ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከውጫሌ ወደ ደሴ ስትሄዱ መሐል ላይ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ፤ ሐይቁ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው። እሳቸው ራሳቸው የተማሩት ትግራይ፣ በገመድ በሚወጣው ደብረ ዳሞ፣ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። ከዚያ ሐይቅ ላይ ተቀመጡ፤ ዝናቸውም ሸዋ ደረሰ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ የመጡት ያንን ዝና ሰምተው ነው። ገድሉ የሚለው ከዚህ በኋላ የበለጠ ያስገርመኛል፤ ሐይቅ ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ፣ ወደ አባ ዮሐኒ። የአስተማሪያቸውን አስተማሪ ፍለጋ ማለት ነው። ሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዚህ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ሰው ትምህርት ቤት ሲመርጥ የሚጠይቀው «የት ነው?» ሳይሆን «ማን ጋ ነው?» ነበር።

በኋላ ግን ቦታውም ስም አወጣ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትን የሚያውቅ ሰው ካርታውን በቃሉ ይዘረዝርላችኋል። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፤ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። ቅዳሴ ሰለልኩላ፣ ወሎ ውስጥ፣ ወይም ደብረ ዓባይ። አቋቋም ጎንደር። ቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ። የዜማው ምልክት ራሱ፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠራው ተድባበ ማርያም ነው፤ እሷም የእኛው ደቡብ ወሎ ናት። እነዚህ ቤቶች «ምስክር» ይባላሉ። ድጓውን ሰፈርህ ካለ ጎበዝ የኔታ ዘንድ ልትማረው ትችላለህ፤ «አስመሰከረ» የምትባለው ግን ቤተልሔም ሄደህ፣ እዚያ ካለው መምህር ፊት አዚመህ፣ ስሕተትህ ታርሞ ስትመለስ ነው።

ክፍያ አይጠየቅም። አንድ ሳንቲም። ለዚህ ይመስለኛል ብዙዎቻችን «ድሮ ትምህርት ነፃ ነበር» የምንለው። ግን እስቲ ቁጠሩት። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ይዞራል። የሚያገኘው የትናንት እንጀራ ነው፣ ካገኘ። ውሻ ይነክሰዋል። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ለየኔታ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ወረርሽኝ ሲገባ ተጠጋግተው ስለሚኖሩ አብረው ይታመማሉ። ድጓውን በእጁ የሚገለብጥ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ ነው። የዜማ ትምህርት ብቻ ዓመታት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቅኔ፣ ከዚያ በኋላ መጻሕፍት አለ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ገና ተማሪ የሆነ ሰው ብርቅ አልነበረም። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበባችሁ በዛብህን አስታውሱ፤ የቆሎ ተማሪ ሕይወት ምን እንደሚመስል ሐዲስ ዓለማየሁ በደንብ አድርገው አሳይተውናል። ወጪው ገንዘብ ስላልሆነ ነው እንጂ ያልተቆጠረው፣ ውድ ትምህርት ነበር።

የወሎ እስላሞችም የራሳቸው ካርታ ነበራቸው። ደረሳው ኪታቡን ለመቅራት ዳናን፣ ጌታን የመሰሉ ስማቸው የገነነ ቦታዎችን እየመረጠ ሼኽ ፍለጋ ይዞራል፤ የሚኖረውም የአገሬው ሰው በሚሰጠው ነው። መንዙማውን ከፈለጋችሁ ደግሞ ጀማ ንጉሥ አለ፤ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ያቆሙት፣ እስከዛሬ መውሊድ የሚደምቅበት። ደረሳውና የቆሎ ተማሪው አንድ መንገድ ላይ የሚገናኙ፣ አንድ ሞሰብ የሚያበላቸው ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ያን ቀን ዝም ያለው ሰውዬ ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ለእኔ ብቻ ያወራኝን ነው የምነግራችሁ። ዝም ያለው ልጁ ዘፋኝ ልትሆን ነው ብሎ ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር፤ ደብተራ ነውና።

አጎቴ ድጓን የተማረው እዚሁ አምባሰል፣ አንድ ሰው ከማያውቃቸው ከአንድ ሽማግሌ የኔታ ነው። «እንደሳቸው ያለ ጆሮ እስከዛሬ አላየሁም» ይላል። ሲጨርስ ወደ ቤተልሔም ተነሣ። መንገድ ላይ ወባ ጣለው፤ ሰዎች ተሸክመው መለሱት። ሲድን እናቱ ታመመች፣ ከዚያ አገባ፣ ከዚያ ልጅ። አልሄደም። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆሞ አዚሟል፤ እኔ የማውቀው ድምፁን የሚያክል የለም። ግን ለንግሥ ከሌላ አገር ሊቃውንት ሲመጡ ጨዋታው ሞቅ ሲል አንዷ ጥያቄ አትቀርም፤ «ድጓ የት ነው ያስመሰከርከው?» እሱም «እዚሁ» ይላል። «አይ ጥሩ» ይሉታል። በቃ ይኸው ነው። ማንም አይሰድበውም። ግን ቀጥሎ ምሪት የሚሰጠው ለሌላው ነው። «ሠላሳ ዓመት እዚሁ አልኩ» አለኝ። «እሷም እዚሁ እንድትል ነው የምትፈልጉት?»

ሌሊቱን ሙሉ ስለ ምስክር ቤት አሰብኩ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ግፍ ይመስላል። ሰውየው ፊትህ እያዜመ ነው፤ ድምፁን ትተህ የተማረበትን ቦታ ትጠይቃለህ? ግን ምስክር ቤቱ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በቃል የሚሄድ ዜማ በየተራራው እየተጠማዘዘ ይለወጣል፤ ቆማም አጫብርም የየራሳቸው ዜማ አላቸው። የቤተልሔሙ ገንኖ የወጣውና ጎጃም ያለው ዘማሪ ወሎ መጥቶ ሳይደናገር አብሮ እንዲቆም ያስቻለው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ሄዶ ስለሚታረም ነው። ዝና ማለት ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ነበር፤ የማያውቅህ ሰው ሳይሰማህ እንዲያምንህ የሚሰጥህ ዋስ። ዋሱ በሌለበት ጊዜ ጎበዝ መሆንህን ከሰፈርህ ውጭ የሚያውቅ የለም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አጎቴ ነፃ የሚለው መንገድ ለልጁ ክፍት ሆኖ አያውቅም። ዜማ ቤት የወንድ ነው። እሷ አባቷ ልጆች ሲያስተምር ማድቤት ሆና ሰምታ ነው ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የለየችው። ለሴት ልጅ ያለው በር ሌላ ነበር፤ እሱንም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በነገራችን ላይ ግሸን ራሷ ምንም የማይከፈልባት ትምህርት ቤት ነበረች ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ተምሮ መውጣት አለመቻሉ ነው። ለነገሥታቱ ወንድ ልጆች እስር ቤት የነበረች አምባ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር እስኪይዛት ድረስ። ንጉሥ ሲሞት አንዱን ያወርዱታል፣ ሌላው እዚያው ያረጃል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከመንገሣቸው በፊት እዚህ ነበሩ ይባላል። አፄ ናዖድም ከዚሁ የወረዱ ናቸው፤ መልክአ ማርያምን የደረሱት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ሥራ የለ፣ ጦርነት የለ፣ መሄጃ የለ፤ መጽሐፍና ዜማ ብቻ። ጥሩ ድርሰት ወጥቶበታል፤ ማንም ግን ልጁን አይልክበትም።

ወደ መድረኩ ልሂድ። ሙዚቃና ቲያትርን አንድ ላይ ከሠሩት ቀደምት ኢትዮጵያውያን መካከል ዮፍታሔ ንጉሤ አሉ። የጎጃም ደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የቅኔና የዜማ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፤ ለተማሪዎቻቸው ቲያትር ጻፉ፤ ቲያትሩ ውስጥ ዘፈኑ አለ፣ ዜማው አለ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ሙዚቃውን የሠራው ደግሞ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን። ልብ በሉ፤ ከአገሪቱ ቀደምት የሙዚቃዊ ቲያትር ደራሲዎች የአንዱ «ኮሌጅ» የጎጃም ቅኔ ቤት ነው። አኮፋዳ ይዞ የተማረ ሰው ነው ያንን መድረክ የከፈተው።

በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተቋቋመ፤ በ1948 ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ። እነዚህ ቤቶች ትምህርት ቤት አልነበሩም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ብቸኛ ትምህርት ቤቶች እነሱ ነበሩ። እየሠራህ ትማራለህ፣ እየተማርክ ትንሽም ቢሆን ይከፈልሃል። ዘፋኙ ይተውናል፣ ተዋናዩ ይዘፍናል። ለሴቶችም በር የሆነው ይሄው ነው። አስናቀች ወርቁን ውሰዱ፤ ክራር ደርዳሪ፣ ድምፃዊት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ። ሦስቱንም አንድ ላይ። በየትኛውም ኮሌጅ አልተመረቀችም።

ጥላሁን ገሠሠም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ወሊሶ ሲማር የሀገር ፍቅር ከያንያን መጥተው አየ፤ ከእነሱ መሐል ኢዮኤል ዮሐንስን አግኝቶ ፍላጎቱን ነገረው፤ ከዚያ አያቱ ትምህርቱን እንዲጠብቅ ቢፈልጉም በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ቱሉ ቦሎ አደረ። ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሄደ። ደመወዝ ያለው፣ መሣሪያ ያለው፣ አስተማሪ ያለው ምርጥ ቦታ ነው። ግን ዘበኛ መሆን ማለት ነው። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሲመጣ ክቡር ዘበኛ ስለተነሣ ጥላሁንም ታሰረ። «ነፃ» የሚለውን ቃል ሁለቴ እንዳነብ ያደረገኝ ይህ ታሪክ ነው። ያለ ክፍያ የሚያስተምርህ አካል አንድ ቀን ሒሳቡን በሌላ መንገድ ይጠይቅሃል።

የእኛው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንም ተመሳሳይ ነው። ደሴ ላይ ማሪቱ ለገሠን የመሰሉ ድምፆች ለአገር የተሰሙት በእሱ በኩል ነው፤ አምባሰልን ከሠርግ ቤት አውጥቶ የመላ አገሪቱ ያደረገውም የእነዚህ ሰዎች ሥራ ነው። ክፍያ የለም፤ ግን ዘመኑ የደርግ ነውና አብዮቱ ዝፈኑ ያለውንም ይዘፍናሉ። ይህን ስል ልወቅሳቸው አይደለም። ሌላ መድረክ አልነበረማ!

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጣው ይሄ ሁሉ ባለበት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቡልጋሪያ መንግሥት እገዛ ሕንፃ ተሠራለት፤ ቡልጋሪያውያን አስተማሪዎችም መጡ። የቀደምት ዘመኑ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነው፤ አሜሪካ ሮቼስተር፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ። አሸናፊ በአንድ እጁ የአውሮፓን ሲምፎኒ፣ በሌላው የአገሩን ዋሽንትና ቅኝት ይዞ ነበር የመጣው፤ በኋላ ተመልሶ ሄዶ የዶክትሬት ትምህርቱን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ሠራ። አስቡት፤ የራሱን አገር ዜማ ለማጥናት አሜሪካ። የአክስቴ ጥያቄ ለእሱም ይቀርባል።

ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ አለ። ቤተሰቦቹ መሐንዲስ እንዲሆን ነው ዌልስ የላኩት፤ እዚያ ሙዚቃው አሸነፈ፣ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ። በርክሊ ያኔም ስም ነበረው፣ አሁን ደግሞ ስሙም ዋጋውም ሰማይ ነክቷል። ሙላቱ እዚያ ያገኘው የጃዝን አሠራር ነው። በአሠራሩ ያበሰለው ነገር ግን እነዚሁ አራቱ ቅኝቶች ናቸው፤ አንዱም በርክሊ ውስጥ አልነበረም፣ አንዱም በገንዘብ አልተገዛም። ይሄን ለአክስቴ ብነግራት «ይኸው! ነፃውን ይዞ ሄዶ ነው» እንደምትል አውቃለሁ። ለአጎቴ ብነግረው «ባይሄድስ ማን ይሰማው ነበር?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸውና ይሄ ምሳሌ አልረዳኝም።

ይበልጥ የረዳኝ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። ልጅ ሆኖ ክራር፣ ያሬድ ሲገባ ፒያኖ። ከዚያ በስኮላርሺፕ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ። ስኮላርሺፑ የሁለት ሶሻሊስት መንግሥታት ወዳጅነት ነበርና የቡልጋሪያ ሥርዓት ሲፈርስ የእሱም ትምህርት ተቋረጠ፤ ወደ ጣሊያን ተሰደደ፣ እዚያ የላሳል ወንድሞች ደግፈውት ነው ወደ ሶፊያ ተመልሶ የጨረሰው። ከዚህ የወሰድኩት፦ የመጀመሪያውን ዓመት ማን እንደሚከፍል ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ከፋዩ ቢጠፋ ምን ታደርጊያለሽ ነው ጥያቄው። አንድ ወይፈን አንድ ዓመት ነው።

ቲያትሩ የቆየው ውጭ አገር ነበር። ተስፋዬ ገሠሠ ኖርዝዌስተርን ተማረ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለንደን ሮያል ኮርትን፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝን አይቶ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ክፍል በ1970ዎቹ መግቢያ ሲከፈት ነው የአገር ልጅ አገሩ ላይ መማር የቻለው። ይህንን ትውልዳችን እንደ ቀላል ያየዋል፤ ለእሱ ትውልድ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ክፍያውስ? ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጪ መጋራት የሚባለው አለ፤ የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ፤ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፣ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩም አሉ። ውሉን እንድትፈርም ወረቀት ሲሰጧት ምን እንደምታደርግ ነግሬያታለሁ፦ እየደጋገመች እንድታነብ። የውጫሌ ልጅ ናት እኮ! እዚህ ሰፈር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ ውል አንቀጽ 17ቱ በአማርኛ «ይችላል» በጣሊያንኛ «አለበት» ሲል ማንም ሳያስተውል ቀርቶ ዳፋው ዓድዋ ድረስ ወስዶናል። እሷ ስቃለች፤ አባቷ ግን አልሳቀም።

በቀጠሮው ቀን ስመለስ እንዲህ አልኳቸው። ስሙ ውሸት አይደለም፤ ጋሼን ጠይቁት። ነፃውም ነፃ አይደለም፤ ጥላሁንን ጠይቁት። ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር እየተማረች ዘፈኑን በትርፍ ሰዓት የሚለውን እኔ አልወደድኩትም፤ እኔ ራሴ የተመደብኩበትን ተምሬ በትርፍ ሰዓቴ የምወደውን የምሠራ ሰው ነኝና ትርፍ ሰዓት የሚባለው ምን ያህል እንደሚተርፍ አውቀዋለሁ። ግን በራሷ ከፍላ፣ ወይፈኑን ሸጣ፣ አንድ ዓመት ብቻ የሚያዘልቅ ገንዘብ ይዛ እንድትሄድም አልፈልግም። ትፈተን። በመንግሥት ወጪ ከተቀበሏት ትሂድ፤ ወይፈኑ ለኪራይና ለእንጀራ ይሁን። ካልተቀበሏት ደሴ አንድ ዓመት ከባህል ቡድን ጋር ትሥራና ትመለስ። ሙዚቃ ወይስ ቲያትር የሚለውን ደግሞ እሷ ትወስን።

አክስቴ ጀበናውን እያማሰለች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አስተማሪው ማነው?» አለችኝ።

አላወቅኩም። ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ስቆፍር ከርሜ አሁን ማን እንደሚያስተምር አላየሁም። እናም ስልክ መደወል ጀመርን፤ እዚያ የተማረ የደሴ ልጅ አገኘን፣ እሱ ሌላ ሰው ሰጠን፣ ያኛው ደግሞ የድምፅና የመሰንቆ አስተማሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ማን እንደሚያርም፣ ማን ዝም ብሎ እንደሚያሳልፍ አንድ በአንድ ነገራት። አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። የሚያርመውን ስትሰማ ነው ልቧ የረጋው። ሙዚቃውን መረጡ፤ ቲያትሩን ከውስጥ ሆና ትደርስበታለች ተባለ።

የችሎታ ፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። ኋላዋ ላይ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።

«አያ፣ ከየት ነው የመጣሽው አሉኝ። ከውጫሌ፣ አምባሰል አልኳቸው። ሳቁና በይ እንግዲያው አምባሰል ዝፈኝልን አሉኝ።»

«እሺ፣ ምን አልሽ?»

«የቱን? አልኳቸው።»